ወፍጮ ቤት ወረፋ የያዘው ጎማ

ሐይቅ በምትባል ከተማ የተወለደ ሰው ነቀምቴ ተመድቦ ሲሠራ ከአንድ ነገር መጠንቀቅ አለበት፤ በስብሰባ ቀን የትውልድ ቦታውን ከመናገር። እኔ ተናገርኩ። ያስገደደኝም የለም። በሻይ እረፍት ላይ አንዱ "ወሎ የት አካባቢ ነህ?" አለኝ፤ "ሐይቅ" አልኩት። ከእረፍት ተመልሰን ኃላፊያችን "ቀጣዩ አጀንዳ የጀልባው ጉዳይ ነው" ከማለቱ የሃያ ሰው ዓይን እኔ ላይ አረፈ።

"እሱ የውሃ ልጅ ነው" አለ ያ አብሮኝ ሻይ የጠጣው ሰው።

እውነቱን ለእናንተ ብቻ ልናገር። በዕድሜዬ ጀልባ ላይ የወጣሁት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱንም ዓይኔን ጨፍኜ። ከሐይቁ ጋር ያለን ዝምድና እኔ ዳር ቁጭ ብዬ ዓሣውን መብላቴ ነው። ግን ያ ሁሉ ሰው እያየኝ "አላውቅም" እንዴት ልበል? ሥራዬ ነርስነት ነው፤ እኛ ደግሞ ሰው ፊት "አላውቅም" ማለት አልለመድንም። "ይቻላል" አልኩ።

ጉዳዩ ቀልድ አልነበረም። ክረምት በገባ ቁጥር ዴዴሳ ይሞላና ከወንዙ ማዶ ያለች አንዲት ቀበሌ ከእኛ ትቆረጣለች። የአካባቢው ሰው የሚሻገርባትን ከግንድ የተቦረቦረች ቢዲሩ በዚያ ሰሞን ጎርፍ ወሰዳት። ማዶ ያሉት ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት ቀናቸው ካለፈ ቆይቷል። ለእናቶቹ "ማክሰኞ ወንዙ ዳር ጠብቁ" የሚል መልእክት በመጨረሻ በተሻገረው ሰው ተልኳል፤ ማዶ ስልክ ስለማይሠራ ግን "ቀርቷል" ብሎ መልሶ መናገር አይቻልም። የተባለ ተባለ። ቢሾፍቱ ያለ አንድ መዝናኛ፣ እግዜር ይስጠውና፣ አሮጌ ጀልባውን ከነተጎታቹ ሰጠን። የእኔ ድርሻ ከሾፌራችን ጋር ሄጄ ማምጣት ሆነ።

ሾፌራችን ኦቦ ተሬሳ ናቸው። የነቀምቴው የባኬ ጃማ ሰፈር ሰው፣ ጡረታቸው የቀረበ፣ በቀን የሚናገሩት ቃል የሚቆጠር። ነርስ መሆኔን እያወቁ "ዶክተር" ይሉኛል፤ ማክበራቸው ይሁን ማሾፋቸው እስከ ዛሬ አልለየሁም። ቢሾፍቱ ስንደርስ ተጎታቹ እስከ ወገቡ ሣር ውጦታል። ኦቦ ተሬሳ አንዴ ዞሩትና ጎማውን በጫማቸው ነካ አደረጉ።

"ዶክተር፣ ኩሽኔታው ታይቷል?"

ኩሽኔታ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አሁንማ አውቃለሁ፤ ጎማው ከዘንጉ ጋር ሳይፋተግ እንዲዞር መሃሉ የሚገባ፣ ውስጡ ትንንሽ ብረቶች የሚንከባለሉበት ነገር ነው። ያኔ ግን "ጀልባውን ከአፍንጫው እስከ ጭራው አይቼዋለሁ፤ ኩሽኔታ የሚባል ነገር ካለውም አብሮ ታይቷል" ብዬ አሰብኩ።

"ታይቷል" አልኩ።

"ማን አየው?"

"እኔ።"

ኦቦ ተሬሳ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ ገብተው ሞተር አስነሡ።

አምቦን እንዳለፍን ከኋላ ቀጭን ፉጨት ተሰማ።

"ይሰማሃል?"

"ነፋስ ነው" አልኩ። "ቶሎ እንሂድ ኦቦ፣ ሳይመሽ ነቀምቴ እንግባ።" በዚህ ዘመን መንገዳችን አምሽቶ የሚመጣ ሰው አይወድም፤ ይህን እሳቸውም ያውቃሉ።

ጌዶ ላይ ነፋሱ ፉጨቱን ትቶ ማቃሰት ጀመረ። ባኮ ስንደርስ እያጓራ ነበር።

"ነፋሱ በረታ" አሉ ኦቦ ተሬሳ።

"ደጋ ስለሆነ ነው።"

ባኮ ቆላ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። እንዲያም ሆኖ ቀጠልን።

ሲሬ መግቢያ ላይ ቁልቁለቱን ስንወርድ አንድ ጎማ በቀኝ በኩል ቀደመን። ብቻውን ነው። ሳይቸኩል፣ ቀጥ ብሎ፣ የራሱን መስመር ይዞ ነው የሚሄደው።

"ዶክተር፣ ያ ጎማ የማን ነው?"

"የእኛ አይመስለኝም።"

ይህን ብዬ ሳልጨርስ ከኋላችን ብረት አስፋልት ሲፍቅ ሰማሁ፤ ጀልባውም ወደ አንድ ጎኑ አንገቱን ደፋ።

"የእኛ ነው" አሉ።

ወርጄ ተከተልኩት። ጎማው የቆመ ባጃጅ አለፈ፤ ጭነት ለያዘ አህያ ዞር ብሎ መንገድ ለቀቀ፤ ከዚያ ቤቱን እንደሚያውቅ ሰው ወደ ግራ ታጥፎ ወፍጮ ቤት ግቢ ገባ። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ሴቶች በቆሎ በጆንያ እየደረደሩ ተራ ይጠብቃሉ። ጎማው ከመጨረሻው ጆንያ ጋር ቀስ ብሎ ተነካካና ተደግፎት ቆመ። ተመስገን፣ የተነካ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ባለ ጆንያዋ ሴት ቦታ እንዳይጠበው የራሷን ወደፊት ገፋ አድርጋለት ነበር። እኔ እያለከለክሁ ስደርስ ከጎማው ኋላ ሌላ ጆንያ ተቀምጧል። ወረፋ ይዟል ማለት ነው።

ከውስጥ ከራስ ፀጉራቸው እስከ እግራቸው ዱቄት የለበሱ ሴትዮ ወጡ። ባለ ወፍጮዋ አዴ ጫልቱ ነበሩ። ባላቸው ካረፉ ጀምሮ ያንን ሁሉ ብረት ራሳቸው ይፈቱታል፣ ራሳቸው ይገጥሙታል። ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው የጎማውን መሃል ሲነኩት "ጭስስ" አለ።

"አከም ጅርተ፣ ኢልመ ኮ" አሉኝ፤ እንደምን አለህ ልጄ ማለታቸው ነው። "የማን ጎማ ነው?"

"የመንግሥት ነው፣ አዴ።"

"መንግሥት ኩሽኔታውን ግሪስ አይቀባም?"

ጎማውን አጋድመው ውስጡን በምስማር ቆፈር ቆፈር አደረጉት። "ኩሽኔታው ሁለት ነው። ትልቁ ከውስጥ ነው፤ ይኸው፣ ተቃጥሏል። ትንሹ ከውጭ ነው፤ እሱ ተሰባብሮ መንገድ ላይ ፈሷል። የቀረው ቀለበቱ ብቻ ነው።" ኦቦ ተሬሳ እያዘገሙ ወፍጮ ቤቱ ፊት አድርሰው ያቆሙትን ጀልባ በክሪክ አነሣነው፤ ድንጋይም አስደገፍነው። እሳቸው ምን መግዛት እንዳለብኝ በዝርዝር መናገር ሲጀምሩ ስልኬ ጮኸ። ኃላፊያችን ነው።

"ሲሬ ላይ ጎርፍ ሊመጣ ነው ብለህ አስወርተሃል?"

"እኔ? ኧረ በጭራሽ!"

ዞር ብዬ ሳይ ግን ጀልባውን የከበበው ሰው ገበያ አክሏል። እስቲ ፍረዱ። ወንዝ በሌለበት ከተማ፣ ዝናቡ ሳያባራ በሰነበተበት ሳምንት፣ የጤና ጽሕፈት ቤት መኪና ጀልባ ጎትቶ መሃል መንገድ ላይ ሲቆም ሰው ምን ይበል? መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ከተማ ነው። ኮት የለበሱ አንድ አዛውንት ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀረቡኝ።

"ልጄ፣ ምዝገባው በነፍስ ወከፍ ነው በቤተሰብ?"

"ምዝገባ የለም አባቴ። ጀልባው ለክትባት ነው።"

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው በኦሮምኛ አስረዱ። በኋላ ኦቦ ተሬሳ እንደተረጎሙልኝ ያሉት "ያልተከተበ አይሳፈርም" ነው። ሲሬ ጤና ጣቢያ ልጁን ለማስከተብ የሄደ ሰው እንደዚያ ቀን በዝቶ አያውቅም ብለውኛል፤ ነገሩን ለሪፖርት አላቀረብኩትም።

ያንን ሁሉ ለኃላፊዬ በስልክ ሳስረዳ አዴ ጫልቱ ንግግራቸውን ጨርሰው ነበር። "ገባህ?" አሉኝ። "ገብቶኛል" አልኩ። የተቃጠለውን ትልቁን ኩሽኔታ በጨርቅ ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ነቀምቴ የመለዋወጫ ሱቅ ያላቸው ኦቦ ፉፋ ቁጥሩን አይተው ያንኑ የመሰለ አዲስ ሰጡኝ። እንደ ሕፃን አቅፌው ሲሬ ተመለስኩ።

"ትንሹስ?" አሉ አዴ ጫልቱ።

"የቱ ትንሽ?"

ኦቦ ተሬሳ በተጎታቹ ላይ ተቀምጠው በቆሎ እሸት እየበሉ ነበር። ወደ ሰማይ አዩ።

እሑድ ጠዋት ለትንሹ ተነሣሁ። የተሰበረ ነገር ይዤ መሄድ ስለማልችል ሌባ ጣቴንና አውራ ጣቴን በዘንጉ ጫፍ ዙሪያ አገጣጠምኩ፤ ልኩ ያ ነው። አዴ ጫልቱ ለቤተ ክርስቲያን ነጭ ለብሰው እየወጡ "ቆይ እንጂ፣ በሥርዓት እንለካው" ቢሉኝም "አይ አዴ፣ ጣቴን አላነቃንቅም" ብዬ ሄድኩ። አላነቃነቅኩም። በዚያው እጄ ምንም ሳልነካ፣ ለረዳቱ በግራ እጄ ከፍዬ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ "በጣትህ ቀዳዳ ኮከብ እያየህ ነው?" ብላኝ፣ ነቀምቴ ገባሁ።

ሱቁ ዝግ ነው። እሑድ መሆኑን ረስቼ አይደለም፤ እሑድ መሆኑ ለእኔ ጉዳይ የሚሠራ አልመሰለኝም ነበር። ጎረቤት ሻይ ቤት ያለችው ልጅ ኦቦ ፉፋ አጠገብ ባለው ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ እንደሆኑ ነገረችኝ። እኔ እንደምታውቁት የወሎ ሰው ነኝ፤ ከዘመዶቼ ግማሹ መስጊድ፣ ግማሹ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከማንም ጸሎት ጋር ጠብ የለኝም። ገብቼ ከኋላ ቆምኩ። ኦቦ ፉፋ ከፊት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይዘምራሉ። ጣቴን ቀለበት አድርጌ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው፤ አላዩኝም። ያየኝ መጋቢው ነው።

"እንግዳ አለን!" አለ በድምፅ ማጉያ። "ወንድማችን እጁን አንሥቷል፤ ምስክርነት አለው።"

ወደ ፊት ወሰዱኝ። ድምፅ ማጉያው እጄ ገባ፤ እግዜር ይመስገን በግራ እጄ ነው። ምን ልበል? ያለውን ነገርኳቸው። ወንዝ ሞልቷል፣ እናቶች ማክሰኞ ይጠብቃሉ፣ ጀልባችን ሲሬ ላይ ወድቋል፣ ኩሽኔታ የለንም። ኦሮምኛዬ እስከ ገበያ ድረስ ብቻ የሚያደርስ ስለሆነ አንድ ሽማግሌ አስተረጎሙልኝ። ጉባኤው በሙሉ ተነሥቶ ለጀልባው ጸለየ። ሰው ሲያለቅስ አየሁ። እኔም ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገብቶ ነበር።

ጸሎቱ ሲያልቅ ሽማግሌው "ዋቀዮ ይርዳህ!" ብለው ቀኝ እጄን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ከእሳቸው ኋላ ያለው ሰው ሁሉ ተሰልፎ ጨበጠኝ። ስወጣ ጣቴ እንኳንስ የኩሽኔታ ልክ፣ የራሱንም ልክ ረስቷል።

ኦቦ ፉፋ ግን ከዝማሬው በቀጥታ መጥተው ሱቁን ከፈቱልኝ። "ምን ያህል ነው ስፋቱ?" አሉኝ። ጣቴን አሳየሁ። "ይህን ያህል፤ ወይም ይህን ያህል።" አንዱን መርጠው ሰጡኝ። ሲሬ ወስጄ ዘንጉ ላይ ሳስገባው እንደ አምባር ተወዛወዘ።

ሰኞ ጠዋት አዴ ጫልቱ ራሳቸው ወደ ጎማው መጡ። ጎማው መሃል የቀረውን የትንሹን ቀለበት በመዶሻና በብረት ቆርቁረው አወጡት፤ በቀሚሳቸው ጠረጉትና ዓይኔ ሥር አቀረቡት። ጠርዙ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል።

"ይህ ቁጥር ቅዳሜም ነበር?" አልኩ።

"ቅዳሜም ነበር። አውጥቼ እሰጥሃለሁ፣ ይዘህ ሂድ ብዬህም ነበር። ስልክ ላይ ነበርክ።"

ለሦስተኛ ጊዜ ነቀምቴ ሄድኩ። ኦቦ ፉፋ ከሩቅ ሲያዩኝ ወንበር አወጡልኝ። ትክክለኛውን ይዤ ስመለስ ሰዓቱ ዘጠኝ ሆኗል፤ ለማክሰኞ ጠዋት የቀረን አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። አዴ ጫልቱ እንዲገጥሙልን ስለምናቸው ወደ ጆንያዎቹ አሳዩኝ።

"እኔ ከፈጨሁ እነዚህ ይበላሉ። አንተ ሥራ፤ እኔ በመስኮት አይሃለሁ።"

ሠራሁ። የመጀመሪያውን ቀለበት በመዶሻ ደብድቤ አስገባሁ፤ ላቤ ጠብ እስኪል። በመስኮት "ገልብጠኸዋል!" የሚል ድምፅ መጣ። አውጥቼ ደግሞ አስገባሁ። ግሪሱን ከላይ ከላይ ስቀባው እጃቸውን እየጠረጉ ወጡ።

"ጨጨብሳ በልተህ ታውቃለህ?"

"አዎ፣ አዴ።"

"ቅቤው ከላይ ብቻ ቢሆን ትበላዋለህ?"

ከዚያ አሳዩኝ። ግሪሱን መዳፍ ላይ አድርገው የኩሽኔታውን ጠርዝ እየጫኑ፣ በዚህ የገባው በዚያ በኩል እስኪወጣ፣ ዙሪያውን አሹት። እኔም አሸሁ፤ ከክርኔ በታች ያለው ሰውነቴ ሁሉ ጨጨብሳ ሆነ። ኩሽኔታዎቹን አስገብቼ፣ ከወፍጮ ዕቃቸው ሣጥን ፈልገው የሰጡኝን ማሰሪያ ዳዶ፣ እግሬን ድንጋይ አስደግፌ፣ ባለኝ ኃይል ሁሉ አጠበቅሁት።

"ከእንግዲህ አይወልቅም" አልኩ።

ኦቦ ተሬሳ ጎማውን በእጃቸው ገፉት። አልተነቃነቀም። "አይዞርምም" አሉ።

"አጥብቅና ትንሽ መልስለት" አሉ አዴ ጫልቱ። "መተንፈሻ ይፈልጋል። ሳይወላወል በነፃ ከዞረ፣ ያኔ ዳዶው እንዳይፈታ ሽቦ አስገብተህ እሠረው።" መለስኩለት። ጎማውን ስገፋው ዞረ፤ ድምፅ የለውም፤ ብዙ ቆይቶ በራሱ ጊዜ ቆመ። የልጅ ልብ ትርታ ሲስተካከል የምደሰተውን ያህል ተደሰትኩ ብል አላጋነንኩም። ልሰናበት እጄን ስዘረጋ አዴ ጫልቱ ወደ ሌላኛው ጎማ አመለከቱ። "ያኛውስ ወንድሙ አይደለም?" እሱንም ፈትቼ፣ በናፍታ አጥቤ፣ አሽቼ መለስኩት። የሱ ኩሽኔታ ገና ደህና ነበር።

ማክሰኞ ሲነጋ ወጣን። ነቀምቴ ላይ ክትባቱን ከነበረዶ ሣጥኑ ተቀብለን ወደ ዴዴሳ ወረድን። በየተወሰነ ርቀት እየቆምን ጎማው መጋሉን መመርመር ነበረብን፤ ጣቴን ማቃጠል ስላልፈለግሁ የሰው ግንባር ላይ የሚደቀነውን የሙቀት መለኪያ አወጣሁ።

"ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስምንት" አልኩ መጀመሪያ ላይ። "ጤነኛ ነው።"

ቁልቁለቱ መሃል ሠላሳ ስምንት ተኩል አሳየ። ኦቦ ተሬሳ አጎንብሰው አዩት።

"ጉንፋን ይሆናል" አሉና ቀጠልን።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ማዶው በጃንጥላ ተሞልቷል። እናቶቹ አልቀሩም። ከሌሊት ጀምረው የተጓዙም ነበሩ አሉ። እኛን ሲያዩ ያሰሙት እልልታ ያንን ሁሉ ውሃ ተሻግሮ መጣ፤ ኦቦ ተሬሳ ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ።

"ኦቦ፣ ወደ ኋላ!" እያልኩ ከዳር መራኋቸው። "ጨምሩ! አሁንም ጨምሩ!" ተጎታቹ ወደ ወንዙ ገባ፤ ጎማዎቹ እስኪሰወሩ ሰመጡ፤ ጀልባውም እንደ ዳክዬ ብድግ ብሎ ተንሳፈፈ። ሁለት የወንዙ ዳር ጎልማሶች ቀዘፉልን። ማዶ ደርሰን እስከ ከሰዓት ድረስ ከተብን፤ የመጣ ሕፃን አንድም ሳይከተብ አልተመለሰም። እጄን ስንቴ በሳሙና ባጥበውም የጥፍሬ ሥር እንደ ጠቆረ ነበር፤ ጓንት ሳጠልቅ ያየች አንዲት እናት ጎረቤቷን "ይኼ ሐኪሙ ነው መካኒኩ?" ስትል ሰማኋት። ልጇ በእንባ ዓይኑ እያየኝ ጣቴን ጨብጦ አልለቅም ብሎ ነበር፤ አፍሬ ሳይሆን ደስ ብሎኝ ጣቴን ተውኩለት።

ተመልሰን ጀልባውን ጭነን ወዲህ በኩል ያለው ጉብታ ላይ ስንወጣ ኔትወርክ አገኘሁና አዴ ጫልቱ ጋ ደወልኩ። ወፍጮው ከኋላቸው ይጮኻል።

"አዴ! ተሻገርን! ሁሉም ተከተቡ! ገላቶማ፣ በጣም አመሰግናለሁ!"

"ተመስገን! ተመስገን፣ ኢልመ ኮ! ጎማው እንዴት ነው?"

"አንደኛ ነው! ጀልባውን ስናወርድ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ገብቶ እንኳ ምንም አልሆነም!"

ድምፃቸውን ከወፍጮው በላይ ከፍ አደረጉ።

"ከመንገድ እንደመጣ፣ በትኩሱ፣ ውሃ ውስጥ ከተትከው?"

"አዎ፣ አዴ።"

"ሲበርድ ውሃውን ይስባል እኮ። ፍታው።"

"አዴ፣ የጀልባ ጎማ እኮ ነው!"

"የጀልባ ነው እንጂ ጀልባ አይደለም። ፍታው።"

ስዞር ኦቦ ተሬሳ ክሪኩን ከተጎታቹ ሥር እያስገቡ ነበር። ፈታሁት። ከውስጡ የወጣው ግሪስ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ወተት መስሏል። አጠብኩት፣ በፀሐይ አደረቅኩት፣ መዳፌ ላይ አሸሁት፤ ቀለበቱ ሳይገለበጥ፣ ዳዶው ጠብቆ ትንሽ ተመልሶ፣ ሽቦው ታስሮ አለቀ። ሁለተኛውንም ጨረስኩ። በዚህ ጊዜ በመስኮት የሚያየኝ አልነበረም። ግን ልቤ አላመነም፤ መልሼ ደወልኩ።

"ጨረስኩ አዴ፤ ትክክል መሆኑን ግን እንዴት አውቃለሁ?"

"ስልኩን ጎማው ጋ አስጠጋና አሽከርክረው" አሉ። "ቆይ፣ አንድ ጊዜ።"

ከዚያ ሲሬ ላይ ወፍጮው ጸጥ አለ። ስንት ጆንያ ወረፋ ይዞ እንደነበር እንጃ። ጎማውን በእጄ መታሁት፤ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። እኔና ኦቦ ተሬሳ ጉብታው ላይ፣ አዴ ጫልቱም ሲሬ ሆነው፣ ሦስታችንም ምንም የማይሰማ ነገር አዳመጥን።

"ጋሪዳ" አሉ አዴ ጫልቱ። ጥሩ ነው ማለት ነው። ደህና ሁን ሳይሉኝ ወፍጮው ተነሣ።